እንዶድ ከአጥር ሥር

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ በአየር ጤና አካባቢ፣ እንዶድ የማየው በጥቂት አሮጌ አጥሮች ላይ ብቻ ነው። ጥቃቅን ነጣ ያለ አበባውን በዘለላ አንጠልጥሎ የሚንዘላዘለው ይህ ቁጥቋጦ ለማያውቀው ሥራ ፈት ይመስላል። የዱቄት ሳሙና ሳይለመድ በፊት ግን ስንቱን ጋቢና ነጠላ ያነጣው እርሱ ነበር። የፍሬው ዱቄት ውሃ ሲነካው አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ አድዋ ወረዱ። በሽታውን የሚያዛምቱት የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አገኙ። ሌላው ሰው አይቶ ያለፈውን እርሳቸው ጠየቁ፣ መረመሩ። ከፍሬው የወጣው ገዳይ ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። እኔ ግን ከስሙ በፊት እነዚያ አጣቢዎች ይታሰቡኛል፤ ስማቸውን ማንም አልመዘገበውም።

ከዚያ በኋላ በአድዋ ለአምስት ዓመታት ያህል በተካሄደው ሙከራ በትናንሽ ልጆች ዘንድ ሕመሙ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እንዲህ ያለ ውጤት ዓለምን ያስደስታል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን መርዛማነቱ በወጉ አልተመረመረም በማለት ተጨማሪ ጥናት ይጠይቅ ጀመር፤ ዓመታትም ነጎዱ። ጥንቃቄው ተገቢ ነበር፤ መዘግየቱ ግን ከጥንቃቄ አልፏል ባይ ነኝ። ዶክተር አክሊሉም ከድሃ አገር የመጣ ሳይንስ በጥርጣሬ እንደሚታይ በግልጽ ይናገሩ ነበር። በ1989 እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስዊድን ውስጥ "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በአሜሪካ ደግሞ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቧንቧ የሚዘጋውን የሜዳ አህያ መሳይ ዛጎል በእንዶድ ለማጥፋት ፓተንት አወጣበት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ! ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ፤ እርሳቸው የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የእንዶድ ተክል ወንድና ሴት አለው። ከዘር ያበቀለ ሰው የትኛው እንደ ደረሰው የሚያውቀው ሲያብብ ነው፤ ወንዱ ፍሬ የለውም። ስለዚህ ደህና ፍሬ ከሚሰጥ ሴት ተክል የእርሳስ ውፍረት ያለው ቁራጭ ወስዶ ክረምት ሲገባ ውሃ በማይቋጥር አፈር ላይ መትከል ይሻላል። ዶክተር ለገሠ የመረጡት ዓይነት 44 የሚባለው ዝርያም ጠባዩን ጠብቆ የሚባዛው በቁራጭ ነው። አንድ ወንድ በቅርብ ካልኖረ ግን ሴቶቹ አበባቸውን አርግፈው ይቀራሉ። ሐረጉ እንዲወጣ አጥር ወይም አጠና ይፈልጋል።

ፍሬው የሚለቀመው ሳይበስል፣ አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ኃይሉ ያኔ ይበረታል። ፀሐይ ላይ ደርቆ ይወቀጣል። ሲወቀጥ አፍንጫንና ዓይንን መሸፈን ያስፈልጋል፤ ዱቄቱ ያስነጥሳል፣ ይለበልባልም። ሕጻናት እንዳይቀምሱት መጠንቀቅ ነው። የታጠበበትን ውሃ ዓሣ ወዳለበት ወንዝ መድፋትም አይገባም፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ዓሣውንም አይምርም።