ጋፋትና የቀጥቃጩ ክብር

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጋፋት፣ በሕዝብ ዘንድ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ እየተባለ ይጠራል። የአገሩ ሰው ስለዚህ ስፍራ የሚናገረው በኩራት ነው። መንግሥትም ከብዙ ዘመን በኋላ ላቋቋመው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይህንኑ ስም ሰጥቶታል፤ በአዲስ አበባም በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሟል። ኩራቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሚወሱት ንጉሡና መድፉ ሲሆኑ፣ ወናፉን የነፋውና መዶሻውን ያነሣው እጅ ብዙ ጊዜ አይነሣም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከአውሮፓ የፈለጉት መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ይልቁንም መሣሪያ የሚሠራበትን ጥበብ ነበር። በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡት እነ ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ቤንደር ሃይማኖት ሊሰብኩ ያሰቡ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ነበሩ። እነርሱም፣ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም በጋፋት ሠሩ። ሚሲዮናውያኑ መድፍ ማቅለጥ አልተማሩም ነበር፤ ንጉሡ ግን ግድ ስላሉ፣ ከተደጋገመ ሙከራ በኋላ ተሳካላቸው። በሥራውም የአገር ተወላጆች በረዳትነት ተሰልፈው ነበር። በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ ተጨማሪ ባለሙያና መኪና ያመጣላቸው ዘንድ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ነገር ግን ባለሙያዎቹ ምጽዋ ደርሰው ወደ መሃል አገር ሳይዘልቁ ተመለሱ።

የጋፋት ባለሙያዎች ካቀለጡት ሁሉ ታላቁ ሴባስቶፖል ነው፤ ስሙም የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ ነው። ሰው ሲናገር ብረት ቢለውም የተሠራው ከነሐስ ነው፤ ክብደቱም ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በብዙ መቶ ሰው ጉልበት እየተሳበ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። መንገዱ ሲጠረግ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዚያው መንገድ በኋላ የናፒየር ጦር ተጠቀመበት። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ጦርነት ተደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ።

በዚያን ጊዜ በበጌምድርና በጎንደር አካባቢ የብረት ሥራ በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር። ገበሬው ማረሻውን፣ ወታደሩ ጦሩን የሚያገኘው ከእነርሱ እጅ ነው። ቀጥቃጩ ግን ርስት የማያገኝ፣ «ጠይብ» እየተባለ የሚሰደብ፣ በቡዳነት የሚጠረጠርና በጋብቻ የሚገለል ሰው ነበር። ያለ እርሱ አይታረስም፣ አይዘመትም፤ ከእርሱ ጋር ግን አይበላም። ንጉሥ እጅ ሠሪን ባከበረበት አገር ባላገሩ እጅ ሠሪን መናቁን አልተወም።

ይህ ልማድ የሰሜን ብቻ አይደለም። ዛሬ ሐዋሳ ዋና ከተማው በሆነው በሲዳማ ምድር ቀጥቃጩ ቱንቲቾ፣ ቆዳ ፋቂው አዋቾ፣ ሸክላ ሠሪው ሐዲቾ እየተባለ ተለይቶ ይኖር ነበር፤ ከመሬት ባለቤቱ ወገን ጋርም አይጋባም ነበር። ቋንቋና ሃይማኖት ቢለያይም ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ዕቃው ይፈለጋል፣ ሠሪው ይርቃል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጅ መኖሩ ራሱ ነቀፋው ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያስረዳል፤ ከዐዋጁም በኋላ ፈጥኖ አልጠፋም። ቤተ እስራኤልም በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከእነርሱም ጋር የጎንደር ብረት ሠሪ እጅና ትዝታ አብሮ ተጓዘ።

እንግዲህ የጋፋት ኩራት ሙሉ የሚሆነው መድፉን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም ሲጨምር ነው። የሴባስቶፖል አምሳያ በአደባባይ ሲቆም የሚያልፍ የሚያገድመው ያየዋል፤ የቀጥቃጩ ወናፍ፣ ጉጠትና የሥራው ቋንቋ ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ካልተመዘገቡ ደብዛቸው ይጠፋል። ነሐሱን የሚያመሰግን አገር ያቀለጠውን እጅ ንቆ ቢቀር፣ የሚኮራው በታሪኩ እኩሌታ ብቻ ይሆናል።