ገንዘቡ ተመለሰ፤ ሕጉስ? (የ1998ቱ የበጀት ድጋፍ ውዝግብ ከጉና ግርጌ ሲታይ)

መንግሥት በማን ገንዘብ ይተዳደራል? ወጪውንስ ማን ይፈቅድለታል? ይህ ጥያቄ ለደብረ ታቦር አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ተመሪ ሳይሆን ደመወዝ ተከፋይ የሆነ ሠራዊት ለማቆም ሲያስቡ ዓይናቸውን የጣሉት በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 አሳባቸውን ለካህናቱ አቀረቡ፤ ካህናቱ እምቢ አሉ። በ1860 መሬቱን በኃይል ወሰዱ። ሠራዊቱ ለጊዜው ቀለብ ቢያገኝም ንጉሡ የካህናቱንና የምእመናኑን ልብ እያጡ ሄዱ። ያን ጊዜ ጉዳዩን አከራክሮ የሚቋጭ የሕዝብ ምክር ቤት አልነበረም። ከመቶ ኀምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ምክር ቤት ነበረን፤ ሙግቱ ግን ከምክር ቤቱ ውጭ ተካሄደ።

ነገሩ የሚጀምረው ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ነው። በይፋ በተገለጸው ውጤት መሠረት ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። በአዲስ አበባ ቅንጅት ከ138 የከተማ ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። ተሰናባቹ ምክር ቤት ከመበተኑ በፊት ያስቀደመው ሥራ ምን ነበር? የአሠራር ደንቡን መለወጥ። ቀድሞ 20 አባላት አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ ግን ከግማሽ በላይ የሆነ ድምፅ ያስፈልጋል ተባለ። ገዥው ፓርቲ ተቃዋሚዎቹ ወንበር ማግኘታቸውን ሊያስቀር ባይችል፣ በወንበሩ ላይ ሆነው ምን እንደሚያነሡ ሊወስን ፈለገ ማለት ነው። ቅንጅትም ምክር ቤት ለመግባት ስምንት ነጥቦችን በቅድመ ሁኔታነት አቀረበ። ከነዚህም ውስጥ የአሠራር ደንቡ ወደ ነበረበት መመለስ፣ የምርጫ ቦርድና የፍርድ ቤቶች ነጻነት፣ የመገናኛ ብዙኃን ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ የሰኔ 1 ቀን ግድያ መጣራት ይገኙበታል። ስምምነት አልተገኘም። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. እንደገና ደም ፈሰሰ፤ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሁለቱ ወራት ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ።

ከዚህ በኋላ ነው ለጋሾች በቀጥታ ወደ መንግሥት ካዝና የሚገባውን የበጀት ድጋፍ ያቆሙት። መጠኑ 375 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ብሪታኒያም በጥር 1998 ዓ.ም. 50 ሚሊዮን ፓውንድ መያዟን አስታወቀች። በሕገ መንግሥቱ የፌዴራሉን በጀት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የበጀቱ ሙግት ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩና በኤምባሲዎች መካከል ሆነ፤ ምክር ቤቱ ተመልካች ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ከጉና ግርጌ እንመልከተው። አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጥቅል በጀት ድጎማ እስከ ወረዳ ወርዷል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፋርጣ፣ ወደ ላይ ጋይንት፣ ወደ እስቴና ወደ ስማዳ ይሄዳል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደግሞ ደመወዝ ነው፤ የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ባለሙያው። ለጋሾች አዲስ አበባ ያለውን ባለሥልጣን ለመቅጣት ሲያስቡ፣ በትሩ የሚያርፈው ከጉና ሥር ባለ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዞ በቆመ መምህር ላይ ነበር። መንግሥትም ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። መከላከያና ፖሊስ ደመወዝ አጥተው የሚያድሩ አልነበሩምና።

ለጋሾች ያገኙት መውጫ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ መርሐ ግብር ነው። የዓለም ባንክ በግንቦት 1998 ዓ.ም. 215 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። ገንዘቡ በዚያው በጥቅል ድጎማው ቦይ ወደ ወረዳዎች ፈሰሰ። ለተቃዋሚ ድምፅ የሰጡ አካባቢዎች እንዳይጎዱ የድልድሉን ፍትሐዊነት የሚፈትሽ አሠራር ተጨመረ፤ የወረዳ በጀት በአደባባይ እንዲለጠፍም ተደረገ። ይህ የሚናቅ አይደለም። መምህሩ ደመወዙን አገኘ፤ ሕፃኑም ተከተበ።

ሕጉስ? የምክር ቤቱ ደንብ ገብተው ከተቀመጡት ተቃዋሚዎች ጋር በተደረገ ድርድር ተሻሻለ። የቅንጅት መሪዎችም በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። ከዚያ በኋላ ግን የገዥው ፓርቲ የሕግ ቅደም ተከተል ግልጽ እየሆነ መጣ፤ በ2000 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ፣ በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 እና የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652። አዋጅ 621 በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። የወረዳ አገልግሎቱን በውጭ ገንዘብ የሚደጉም መንግሥት፣ ዜጎች ያንኑ የውጭ ገንዘብ ለመብታቸው እንዳያውሉት አገደ! በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ማብቂያ የአሜሪካ ኮንግረስና ፕሬዚዳንት ክሊንተን በበጀት ሳይስማሙ ቀርተው የመንግሥት ሥራ ለ21 ቀናት ተስተጓጉሏል። የሚያስቀና ነገር አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡን የያዙት እንደራሴዎች ስለ ድርጊታቸው መልስ የሚሰጡት ለመረጣቸው ሕዝብ ነበር። በእኛ ዘንድ ገንዘቡን የያዘው ሚኒስትር ተጠያቂነቱ ለብሪታኒያ መራጭ ነበር። የፋርጣ ገበሬ ገንዘቡ ሲታገድም ሲለቀቅም አልተጠየቀም፤ በስሙ ግን ሁሉም ተናገረ።

ለጋሾች ጨከኑ ወይም ለዘቡ ብሎ መፍረድ ይቻላል። ዋናው ስንፍና ግን የእነርሱ አይመስለኝም። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላል ያገራችን ሰው። የበጀት ባለቤት ግብር ከፋዩ ነው፤ ጩኸቱን የሚያሰማለትም እንደራሴው ነበር። አዋጅ 621 በ2011 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተካ፤ ኢሕአዴግም በ2012 ዓ.ም. ከስሞ ብልጽግና ፓርቲ ወረሰው። ጥያቄው ግን ከፓርቲው ጋር አልከሰመም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የበጀት ረቂቅ ሲቀርብ ስንት እጆች እንደሚነሡ ብቻ ሳይሆን ስንት ጥያቄዎች እንደሚነሡም እንቁጠር።