በግድግዳ ላይ የተሰካችው ሴት፤ የፒንአፕ ምስል ታሪክና የባለቤትነት ጥያቄ

«ፒንአፕ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በቀጥታ ሲወሰድ በስፒል ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነገር ማለት ነው። ቃሉ በሰፊው የተለመደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ከ1941 ወዲህ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ወታደሮች ከመጽሔትና ከቀን መቁጠሪያ እየቀደዱ በአልጋቸው ራስጌና በሣጥናቸው ክዳን ላይ የሚለጥፏቸው የሴቶች ሥዕሎችና ፎቶግራፎች በዚህ ስም ተጠሩ። ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ወዲያውኑ አንድ ችግር ይገጥመዋል። «የተሰካች» ካለ፣ ሴትዮዋ ድርጊቱ የተፈጸመባት እንጂ ፈጻሚው አይደለችም። በሰዋስው ትምህርት «ባለቤት» የምንለው የግሡን ፈጻሚ ነው፤ በተራ ንግግር ደግሞ ባለቤት የንብረቱ ጌታ ነው። የፒንአፕ ታሪክ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ላይ ያነሳል። ምስሉን ማን ሠራው? የማንስ ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ በርካታ ሴቶች የ1940ዎቹንና የ1950ዎቹን የፒንአፕ አለባበስ፣ የፀጉር አሠራርና አቋቋም መልሰው በመያዝ በራሳቸው መተማመንን እንዳገኙበት ይናገራሉ። ለወንድ ዓይን ተሠራ በተባለ ምስል ውስጥ አንዲት ሴት ራሷን እንዴት ልታገኝ ትችላለች? ይህን ለመመለስ ወደ ምስሉ አመጣጥ መሄድ ያስፈልጋል።

ምስሉ ከስሙ ይቀድማል። በ1854 ዲዝደሪ የተባለ ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ በትንሽ ካርቶን ላይ የሚለጠፍ፣ በርካሽ የሚባዛ ፎቶግራፍ ፈጠራውን በፓሪስ አስመዘገበ። በዚህ ካርድ ፈጥነው ከተጠቀሙት መካከል የቲያትር ተዋናዮች ይገኙበታል። ተዋናይቷ ምን እንደምትለብስና እንዴት እንደምትቆም ራሷ መርጣ ትነሣና ካርዱ ስሟን ይዞላት ይዞር ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ማሪያ ኤሌና ቡዜክ በ2006 ባሳተመችው መጽሐፍ የፒንአፕን ሥር ከእነዚህ ተዋናዮች ትጀምራለች፤ በእኔም ግምት ትክክለኛው መነሻ ይኸው ነው። በ1890ዎቹ የቻርልስ ዴና ጊብሰን የብዕር ሥዕሎች፣ ቀጥ ብላ የምትራመደውን፣ ወገበ ቀጭኗንና ኩሩዋን የ«ጊብሰን ልጃገረድ» አስተዋወቁ። ያቺ ግን ስም የሌላት፣ በሠዓሊው ምናብ የተፈጠረች ሴት ነበረች።

በ1933 የተመሠረተው «ኤስኳየር» የተባለው የወንዶች መጽሔት በመጀመሪያ የጆርጅ ፔቲን፣ ከ1940 ጀምሮ ደግሞ ተወላጅነቱ ከፔሩ የሆነውን የአልቤርቶ ቫርጋስን ሥዕሎች አወጣ። መጽሔቱ የሠዓሊውን ስም የመጨረሻ ፊደል ቆርጦ ሥዕሎቹን «ቫርጋ» ብሎ አተመ። ሠዓሊውና መጽሔቱ ተጣልተው ፍርድ ቤት በቆሙ ጊዜ ያ የተቆረጠ ስም ለመጽሔቱ ቀረ። እንግዲህ በዚህ ሥራ ውስጥ ባለቤትነቱን ያጣችው የተሣለችው ሴት ብቻ እንዳልነበረች ልብ ይሏል። በ1943 የፖስታ ሚኒስትሩ መጽሔቱ በቅናሽ ዋጋ በፖስታ እንዳይላክ ከለከሉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 ለመጽሔቱ ፈረደ። በዚያው በጦርነቱ ዘመን የመንግሥት የሠራዊት ጋዜጣ የነበረው «ያንክ» በየሳምንቱ የፒንአፕ ፎቶግራፍ ያወጣ ነበር። አንዱ የመንግሥት እጅ የከለከለውን ሌላው ያድል ነበር ማለት ነው።

የዘመኑ ታዋቂ ፎቶግራፍ የተዋናይት ቤቲ ግሬብል ነው። ፍራንክ ፓወልኒ በ1943 ለፊልም ኩባንያ ያነሣት ይህ ምስል ነጭ የዋና ልብስ ለብሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ በትከሻዋ በኩል ወደ ኋላ ስትመለከት ያሳያል። ስለ እሱ ብዙ ስለ ተባለ አልዘገይበትም። ይልቅ ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ፋብሪካው የገባውን ውበት ማየት ይጠቅማል። ተዋናይት ቬሮኒካ ሌክ አንድ ዓይኗን በሸፈነ ረጅም ፀጉሯ ትታወቅ ነበር። በመሣሪያ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች እሷን መስለው ፀጉራቸውን ሲለቁት በማሽን እንዳይያዝ ስለ ተሠጋ፣ ተዋናይቷ ፀጉሯን ሰብስባ አርአያ እንድትሆን መንግሥት ጠየቃት፤ አደረገችውም። ናይለኑ ለጃንጥላ መውረጃ ስለ ተወሰደ ስቶኪንግ የጠፋባቸው ሴቶች የስፌቱን መስመር በእርሳስ እግራቸው ላይ ያሠምሩ ነበር። ይህ ሁሉ ተመልካች አያስፈልገውም ለማለት አይደለም። ሆኖም ጠዋት በመስታወት ፊት እጇን አጣማ ቀጥ ያለ መስመር የምታሠምር ሴት የግሡ ባለቤት ናት።

መስታወቱን ካነሣን ዘንድ ዞዊ ሞዘርትን መዝለል አይቻልም። ከ1907 እስከ 1993 የኖረችው ይህች ሠዓሊ፣ የሥዕል ትምህርቷን በፊላደልፊያ ስትከታተል ክፍያዋን የሸፈነችው ለሌሎች ሠዓሊዎች ሞዴል ሆና በመቆም ነበር። በኋላ ራሷ በፓስተል ትሠራ ጀመር፤ በ1941 ትልቅ ስም ከነበረው ብራውን ኤንድ ቢግሎው ከተባለው የቀን መቁጠሪያ አሳታሚ ጋር ተዋዋለች። ለብዙ ሥዕሎቿ ሞዴሏ ራሷ ነበረች፤ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን እያየች ትሥላለች። እንደ ፐርል ፍረሽና ጆይስ ባለንታይን ያሉ ሌሎች ሴት ሠዓሊዎችም በዚሁ ገበያ ስም ነበራቸው። «ፒንአፕ ወንድ ለወንድ የሣለው ነው» የሚለው የተለመደ ፍርድ እዚህ ላይ ይሰነጠቃል። በአንጻሩ ገዥው ወንድ መሆኑ፣ የቀን መቁጠሪያው የሚሰቀልበት ጋራዥም የወንዶች መዋያ መሆኑ አልተለወጠም። ሞዘርት የእጇ ሥራ ባለቤት ነበረች፤ የግድግዳው ባለቤት ግን አልነበረችም።

የቀን መቁጠሪያዎቹ ሴቶች ነጮች ብቻ ነበሩ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች በዘር በተከፋፈለ ሠራዊት ውስጥ ሲያገለግሉ (ክፍፍሉ እንዲቀር የታዘዘው በ1948 ነው) የሚለጥፉት የሊና ሆርንን ፎቶግራፍ ነበር። የጀርመን ምርኮኞች ከፊት፣ ጥቁር ወታደሮች ከኋላ መቀመጣቸውን ባየች ጊዜ ከመድረክ ወርዳ ለምርኮኞቹ ጀርባዋን ሰጥታ ለጥቁሮቹ እንደ ዘፈነች ይነገርላታል። በ1951 በቺካጎ የተመሠረተው «ጄት» መጽሔት ደግሞ የሳምንቱን ቆንጆ የሚያሳይ ገጽ ነበረው። የጥቁር ሴት የዋና ልብስ ፎቶግራፍ በጥቁሮች መጽሔት መውጣቱን አንዳንድ አንባቢያን እንደ ውርደት፣ ሌሎች ደግሞ እንደ ኩራት ቆጥረውት ተከራክረዋል። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት ነበራቸው። ቆንጆ ተብላ በአደባባይ እንዳትታይ ለተከለከለች ሴት፣ መታየት ራሱ ጥያቄም መልስም ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ነው ዛሬ የዚያን ዘመን ቀሚስ የሚለብሱ ጥቁር ሴቶች አለባበሱን እንጂ የዘመኑን አስተሳሰብ አንመልስም ሲሉ የሚሰሙት። አባባሉ በዘርፉ አፍቃሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከ1998 ጀምሮ በላስ ቬጋስ የሚካሄደውን የሮካቢሊ ሙዚቃ ፌስቲቫል በመሰሉ ስብስቦች ሴቶች ፀጉራቸውን ወደ ላይ ጠቅልለው፣ ከንፈራቸውን አቅልመው፣ አንዳንዶቹም በአሮጌ የስፌት ንድፍ ራሳቸው የሰፉትን ቀሚስ ለብሰው ይገናኛሉ። ብዙዎቹ የሚያነሡት ነገር ስለ ልክ ነው፤ የዘመናችን ልብስ ሰውነታቸውን እንደ ስሕተት ሲቆጥረው፣ ይህኛው ለዳሌና ለደረት ቦታ ይሰጣል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደዌይን ብራየርስ የሣላት ወፍራሟና ደስተኛዋ «ሂልዳ» ከዐሥርታት በኋላ አዲስ አፍቃሪ ያገኘችው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። መተማመኑን የሚሰጠው ያለፈው ዘመን ራሱ አይደለም፤ በዚያ ዘመን የነበረች እውነተኛ ሴት እንዲህ የመምረጥ ነጻነት አልነበራትም። መስፋቱ፣ መጠቅለሉ፣ በገዛ ምርጫ መቆሙ ግን እውነተኛ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ፣ ማለትም የተዋሱት ማንነት የራስ አይሆንም የሚለው፣ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንግዳ ነው። በተወረሰ የግጥም ቤት የራሱን ስሜት የሚቋጥር ገጣሚ ቤቱን ተውሷልና ስሜቱ የሰው ነው አንለውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚመሰሉት ቤቲ ፔጅን ነው። በ1923 በናሽቪል ተወለደች፤ በልጅነቷ ለጥቂት ጊዜ በሕፃናት ማሳደጊያ ስትቆይ ከእኅቶቿ ጋር የፊልም ተዋናዮችን መስለው ፀጉርና ፊታቸውን ያሰማምሩ ነበር፤ ስፌትም ተማረች። በ1944 ከፒቦዲ ኮሌጅ ለመምህርነት ተመርቃ ጥቂት ጊዜ ብታስተምርም አልዘለቀችበትም። በ1950 በኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ የባሕር ዳርቻ ያገኛት ጄሪ ቲብስ የተባለ ጥቁር ፖሊስና አማተር ፎቶግራፍ አንሺ ፀጉሯን ግንባሯ ላይ ቆርጣ እንድትለቀው መከራት። ያ ግንባር ላይ የወደቀ ፀጉር መለያዋ ሆነ። የዋና ልብሶቿን አብዛኛውን የምትሰፋው ራሷ ነበረች። በ1954 በፍሎሪዳ ከአቦሸማኔዎች ጋር ያነሣቻት በኒ ዬገር ቀድሞ ሞዴል የነበረች ፎቶግራፍ አንሺ ናት፤ ይህችው ሴት በ1964 ራሷን በካሜራ ስለ ማንሣት መጽሐፍ አሳትማለች። ሁለት ልብስ ሰፊ ሴቶች በካሜራው ግራና ቀኝ መቆማቸው በምስሎቹ ላይ ይታወቃል፤ ቤቲ የምትስቀው ለሚያያት ሁሉ ሳይሆን ለምታውቃት ሰው ይመስላል።

በ1955 የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ የብዙ ፎቶግራፎቿን ነጋዴ ኧርቪንግ ክሎውን ስለ ብልግና ምስሎች መረመረ፤ እሷም ብትጠራም ቃሏን ሳትሰጥ ቀረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራውን ትታ ወደ ሃይማኖት ሄደች፤ ኋላም ከአእምሮ ሕመም ጋር ረጅም ዘመን ታገለች። በ1982 ዴቭ ስቲቨንስ በሥዕላዊ መጽሐፉ እሷን የመሰለች ገጸ ባሕርይ ሲፈጥር ዝናዋ ታደሰ፤ ምስሏ በሸሚዝና በፖስተር ሲሸጥ እሷ በድኅነት ትኖር ነበር። ገንዘብ ማግኘት የጀመረችው በ1990ዎቹ፣ በጠበቆች ርዳታ ነው። በ2008 በ85 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ ቃለ ምልልስ ብትሰጥ እንኳ ፊቷን ለካሜራ መስጠት አትወድም ነበር፤ ሰዎች በወጣትነቷ እንዲያስታውሷት ትፈልግ ነበርና። በ2012 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ የድሮ ፎቶግራፎቿ በተራ ያልፋሉ። ታሪኩን የምትተርከው ራሷ ቤቲ ናት፤ የአሮጊቷ ድምፅ ይሰማል፣ የአሮጊቷ ፊት ግን አይታይም።