አቡሊናርዮስ ዘሎዶቅያ፡ ሕይወቱና ኑፋቄው

በኑፋቄ ከተወገዙት መምህራን መካከል እንደ አቡሊናርዮስ አስቀድሞ ለቀናች ሃይማኖት የደከመ ጥቂት ነው። ባለቅኔ፣ የተውኔት ደራሲና ኤጲስ ቆጶስ ነበረ፤ በኋላ ግን በስሙ የሚጠራ ቡድን መሪ ሆነ። ሕይወቱንና የተወገዘበትን ምክንያት በአጭሩ እንመለከታለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገልግሎቱ

አቡሊናርዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ የሶርያዋ ሎዶቅያ ሰው ነው። አባቱ ከእስክንድርያ የመጣ የሰዋስው መምህርና ቀሲስ ሲሆን፣ ልጁ በአናጉንስጢስነት እያገለገለ የንግግር ጥበብን ያስተምር ነበር። በ346 ቅዱስ አትናቴዎስ ከስደት ሲመለስ በቤቱ ስለተቀበለው አርዮሳዊው የከተማው ጳጳስ ለየው። በ360 ገደማ የኒቅያን ሃይማኖት የያዙ ምእመናን ኤጲስ ቆጶስ አድርገው ሾሙት።

ተውኔቶቹ

በ362 ከሃዲው ንጉሥ ዑልያኖስ ክርስቲያን መምህራን የግሪክን ሥነ ጽሑፍ እንዳያስተምሩ ከለከለ። የታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜኖስ እንደሚነግረን፣ አቡሊናርዮስ የብሉይ ኪዳንን ታሪክ እስከ ሳኦል መንግሥት በሆሜር ስልት በ24 ክፍል ገጠመ፤ ከመጻሕፍት ቅዱሳትም ታሪክ እየወሰደ አስቂኝና አሳዛኝ ተውኔቶችን ደረሰ። ዓላማው የክርስቲያን ልጆች ከትምህርት እንዳይጎድሉ ነበር። ንጉሡ በ363 ሲሞት አዋጁ ብዙም አልቆየም፤ ተውኔቶቹም ጠፍተው ቀሩ።

ኑፋቄው

አርዮስን ሲቃወም ሌላ ገደል ገባ። ቃል ሥጋን ሲዋሐድ ነባቢት፣ ለባዊት ነፍስን አልነሣም፤ በእርሷ ፈንታ ራሱ መለኮት ሆነ ብሎ አስተማረ። ሁለት ፍጹማን አንድ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ስላሰበ፣ ተዋሕዶን የጠበቀ መስሎት ሰውነትን አጎደለ።

ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ስሕተቱን ገልጦ መለሰ፤ ጌታ ያልተዋሐደው ነገር አልዳነም ማለት ነውና። አዳም የበደለው በሥጋው ብቻ ሳይሆን በሚያስብበትና በሚመርጥበት ነፍሱ ጭምር ነው። ጌታ ነፍስን ካልነሣ፣ ፈውስን እጅግ የምትሻው ነፍሳችን ሳትድን ቀረች ማለት ነው።

ውግዘቱ

አቡሊናርዮስ ደቀ መዝሙሩን ቪታሊስን በአንጾኪያ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ በመሾም ከቤተ ክርስቲያን ተለየ። ትምህርቱ በ377 በሮም፣ በ381 ደግሞ በቁስጥንጥንያ በ150ው ሊቃውንት ጉባኤ ተወገዘ። በ390 ገደማ በኑፋቄው እንዳለ ሞተ። ተከታዮቹም መጻሕፍቱን በቅዱስ አትናቴዎስና በሌሎች አባቶች ስም ሰውረው አሰራጩ።

ይህን ማወቅ ለእኛ የሚያስፈልገው፣ “አንድ ባሕርይ” በማለታችን የአቡሊናርዮስ ተከታዮች አድርገው የሚከሱን ስላሉ ነው። ክሱ ሐሰት ነው። ቅዱስ ቄርሎስ እንዳስተማረን፣ ቃል ነባቢት፣ ለባዊት ነፍስ ያለውን ሥጋ ከእመቤታችን ነሥቶ፣ ያለ መለወጥና ያለ መቀላቀል በተዋሕዶ ፍጹም ሰው እንደ ሆነ እናምናለን። አቡሊናርዮስን ያሰናከለው የእውቀት ማነስ አይደለም፤ ጉባኤ ሲያርመው አለመመለሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።