የሆርና የላቫል ውጥን፦ የእንግሊዝ ጥምር መንግሥት ሚኒስትሮች ሆሳዕናንና ዱራሜን በመስመር ያስገቡበት 1928 ዓ.ም.

የሆርና የላቫል ውጥን የሚባለው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ኅዳር 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተስማሙበት፣ ኢትዮጵያ ለፋሺስት ኢጣሊያ መሬትና ጥቅም በመልቀቅ ጦርነቱ እንዲቆም የሚጠይቅ ሐሳብ ነው። ስያሜውን ያገኘው ከእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሰር ሳሙኤል ሆርና ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከፒየር ላቫል ነው። ውጥኑ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ስለ ትግራይና ስለ ኦጋዴን በሚናገረው ክፍሉ ነው። የሀዲያንና የከምባታን ምድር የሚመለከተው ግን ሁለተኛው ክፍል ነው፤ በአካባቢያችንም ብዙም ሲነገር አይሰማም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሰር ሳሙኤል ሆር የአንድ ፓርቲ መንግሥት ሚኒስትር አልነበሩም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል እንግሊዝን ያስተዳድር የነበረው “ብሔራዊ መንግሥት” የተባለ ጥምር መንግሥት ነበር። የተመሠረተው ነሐሴ 18 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲሆን ምክንያቱም የገንዘብ ቀውስ ነው። በጊዜው ሥልጣን ላይ የነበረው የሌበር ፓርቲ፣ ማለትም የሠራተኛው ፓርቲ፣ ለሥራ አጦች የሚከፈለው ድጎማ በመቶ 10 ይቀነስ በሚለው ሐሳብ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራምሴ ማክዶናልድ የፓርቲያቸውን መንግሥት አፍርሰው፣ በንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ጠያቂነት ከወግ አጥባቂዎችና ከሊበራሎች ጋር አዲስ መንግሥት መሠረቱ። የመጀመሪያው ካቢኔ 10 ሰዎች ብቻ ነበሩበት፤ 4 ከሌበር፣ 4 ከወግ አጥባቂዎች፣ 2 ከሊበራሎች። ሆርም ከአራቱ ወግ አጥባቂዎች አንዱ ነበሩ። የሌበር ፓርቲ ማክዶናልድን ከአባልነት አባረራቸው።

ጥምረት ሲባል የእኩልነት ስሜት ያሳድራል። በወረቀት ላይ ያለው ድርሻና በፓርላማ ያለው ድምፅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጥቅምት 1924 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ጥምር መንግሥቱ ከ615 መቀመጫዎች 554ቱን አገኘ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የወግ አጥባቂዎች ነበሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከሊበራሎቹ ከፊሎቹ በቀረጥ ጉዳይ ተጣልተው ወጡ። ማክዶናልድ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቢቀጥሉም ቤቱ የሌላ ሰው ቤት እየሆነ ሄደ። ግንቦት 30 ቀን 1927 ዓ.ም. ቦታቸውን ለወግ አጥባቂው መሪ ለስታንሊ ባልድዊን ለቀቁ። በዚያው ቀን በተደረገው ሹም ሽር ሆር በሰር ጆን ሳይመን ምትክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ወጣቱ አንተኒ ኢደን ደግሞ የመንግሥታት ማኅበርን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ተደረጉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኔቪል ቻምበርሌን ነበሩ። የኢትዮጵያ ጉዳይ የወደቀው በእነዚህ ሰዎች እጅ ላይ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የውኃ ጉድጓዶች አጠገብ በተነሣው ግጭት ሰበብ ሙሶሊኒ ለወረራ ሲዘጋጅ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ሁለት ልብ ሆኖ ነበር። በሰር ጆን ማፊ የተመራ ኮሚቴ በሰኔ 1927 ዓ.ም. ያቀረበው ዘገባ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ከጣና ሐይቅና ከዓባይ ውኃ በቀር እንግሊዝን የኢጣሊያን ድል ለመከላከል የሚያስገድድ ከባድ ጥቅም የለም የሚል ነበር። በዚያው ወር ኢደን ወደ ሮም ሄደው፣ እንግሊዝ ዘይላን ለኢትዮጵያ ሰጥታ ኢትዮጵያ ደግሞ ከኦጋዴን ለኢጣሊያ እንድትለቅ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሙሶሊኒ አልተቀበለውም። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር ይል ነበር። በሰኔ 1927 ዓ.ም. ውጤቱ በታወቀው፣ ማኅበራት ቤት ለቤት ባካሄዱት የሰላም ድምፅ አሰጣጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን ተሳትፈዋል። ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡት ወራሪ አገር በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይገታ ብለው ነበር። ምርጫ እየቀረበ ስለነበር ይህን ድምፅ ቸል ማለት አይቻልም ነበር።

ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያውያን ለ1928 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዋዜማ በተዘጋጁበት ዕለት፣ ሆር ጄኔቭ ላይ ባደረጉት ንግግር እንግሊዝ የማኅበሩን ሕግ በጽናት እንደምትጠብቅ አረጋገጡ። ንግግሩ በዓለም ዙሪያ ተጨበጨበለት። መስከረም 22 ቀን የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮም ማዕቀብ ጣለ። በማዕቀቡ ውስጥ ግን ነዳጅ አልነበረም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የኢጣሊያ ታንክና አውሮፕላን የሚነቃነቀው በነዳጅ፣ ወታደሩና ስንቁ የሚያልፈው በቦዩ በኩል መሆኑን ለሚያውቅ ሁሉ ይህ እንዴት ያለ ማዕቀብ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በክረምቱ ወራት እንግሊዝ የጦር መሣሪያ ሽያጭን ለሁለቱም አገሮች ከልክላ ነበር። ኢጣሊያ መሣሪያዋን ራሷ ትሠራ ስለነበር ክልከላው የጎዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነው።

ጥምር መንግሥቱ ኅዳር 4 ቀን 1928 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ለማኅበሩ ታማኝ ነኝ ብሎ ቀርቦ በሰፊ ብልጫ አሸነፈ። ከዚህ በኋላ ወር አልሞላም። ሆር ለዕረፍት ወደ ስዊዘርላንድ ሲያልፉ ፓሪስ ላይ ከላቫል ጋር ተቀመጡና ውጥኑን አጸደቁ።

የውጥኑ የመጀመሪያ ክፍል ስለ መሬት ልውውጥ ነው። ምሥራቃዊ ትግራይ ለኢጣሊያ ይሰጣል፤ በአፋር በረሃና በኦጋዴን በኩል ድንበሩ ለኢጣሊያ እንዲመች ይስተካከላል። በምላሹ ኢትዮጵያ በአሰብ በኩል ወደ ባሕር የሚያወጣ ጠባብ መተላለፊያ ታገኛለች። በመተላለፊያው ላይ የባቡር ሐዲድ እንዳይዘረጋ መታሰቡ ሲሰማ፣ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ “የግመሎች መተላለፊያ” ብሎ ተሳለቀበት።

ሁለተኛው ክፍል በደቡብ ኢትዮጵያ ለኢጣሊያ “የኢኮኖሚ መስፋፊያና የሰፈራ ቀጣና” ይከልላል። የቀጣናው ወሰን በወንዝ ወይም በተራራ አልተጻፈም። በስተ ሰሜን የምድር ወገብን በ8 ዲግሪ የሚርቀው መስመር፣ በስተ ምዕራብ 35ኛው የኬንትሮስ መስመር፣ በስተ ደቡብ የኬንያ ድንበር፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ተስተካክሎ የሚሰመረው የኢጣሊያ ሶማሊያ ድንበር ነው። ካርታ ላይ ማስመሪያ ያኖረ ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ይህ የ8 ዲግሪ መስመር በምድር ላይ የት እንደሚያልፍ ማየት ለአካባቢያችን ነዋሪ ከባድ አይደለም። ከሆሳዕና በወራቤና በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተሳፋሪ መስመሩን የሚያቋርጠው በወራቤና በቡታጅራ መካከል ነው። ቡታጅራ ከመስመሩ በላይ ትቀራለች። ወራቤ፣ ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ አንጋጫ፣ ዱራሜና ሺንሺቾ ሁሉም ከመስመሩ በታች ናቸው። ሆሳዕና ከመስመሩ የምትርቀው በቀጥታ ሲለካ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሀምበሪቾ ተራራም ሆነ የኦሞና የብላቴ ሸለቆዎች ከወሰኑ ውስጥ ይወድቃሉ። ወላይታ፣ ሲዳማ፣ ከፋ፣ ቦረናም እንዲሁ።

ቀጣናው በስም የኢትዮጵያ አካል ሆኖ እንደሚቀር ተጽፏል። በተግባር ግን የኢኮኖሚ መብቱ ለኢጣሊያ ብቻ የሚተው ነበር። የሚያስተዳድረው ልዩ መብት የሚሰጠው ኩባንያ ወይም ይህን የመሰለ ድርጅት ነው። ኩባንያው የማዕድንና የደን ሀብትን በብቸኝነት ይጠቀማል፤ ያልተያዘ መሬትም የእርሱ ንብረት ይሆናል። የአገሬው ሰውና የውጭ ዜጎች ቀድመው ያገኙት መብት እንደሚጠበቅ፣ ከገቢውም ከፊሉ ለነዋሪው ማኅበራዊ ጥቅም እንደሚውል ተጠቅሷል። አስተዳደሩን የሚቆጣጠረው በማኅበሩ ስም የሚቋቋም አካል ሲሆን በውስጡ ኢጣሊያ የበላይ ድርሻ ይኖራታል።

“ያልተያዘ መሬት” የሚለው ሐረግ ብቻውን ሊጤን ይገባዋል። የሀዲያና የከምባታ ገበሬ መሬቱን የሚይዘው ሁሉንም በአንድ ጊዜ በማረስ አይደለም። ቤቱን ከበው የሚታዩት እንሰቶች ለመድረስ በርካታ ዓመታት ይፈልጋሉ፤ ከእንሰቱ ባሻገር የእህል ማሳ፣ ከዚያም ከብት የሚውልበት የጋራ መስክ ይከተላል። ያደረ መሬት፣ የወንዝ ዳር ሣር፣ የጥላና የማገዶ ዛፍ አለ። ቆላውም በዓመቱ በተወሰነ ወቅት ከብት የሚወርድበት ነው። ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀያሽ በአንድ ቀን ጉብኝት ባዶ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ቀድሞ የተገኘ መብት ይጠበቃል መባሉም ለገበሬው ብዙ አይፈይድም ነበር፤ በዚያ ዘመን አብዛኛው የደቡብ አራሽ ገባር ስለነበር በእጁ የሚያሳየው የመሬት ሰነድ አልነበረውም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከውጥኑ አንቀጾች ሁሉ ለገበሬው የከፋው ይህ ነው። ትግራይን የሚመለከተው ክፍል ቢያንስ የሚወሰደውን በስሙ ጠርቶታል።

የባልድዊን ካቢኔ ኅዳር 29 ቀን ውጥኑን ተቀበለው። በዚያው ዕለት ግን የፓሪስ ጋዜጦች ምሥጢሩን አወጡት። በእንግሊዝ የተነሣው ቁጣ ሚኒስትሮቹ ያልጠበቁት ነበር። ምርጫውን ያሸነፉት የፓርላማ አባላት ከመራጮቻቸው የተቃውሞ ደብዳቤ ይጎርፍላቸው ጀመር። ሕዝቡ በየደብዳቤው የሚጠይቀው ባጭሩ፣ ከወር በፊት ስለ ማኅበሩ የነገራችሁን ምን ነበር የሚል ነው። ሆር በስዊዘርላንድ በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ወድቀው አፍንጫቸው ተሰብሮ ነበርና ወዲያው መመለስ አልቻሉም። ካቢኔው በአንድነት የተቀበለውን ሐሳብ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ጭኖ ራሱን አዳነ። ሆር ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በማግሥቱ ባልድዊን በፓርላማ ቀርበው ውጥኑ መሞቱን አመኑ። ኢደን በሆር ቦታ ተተኩ።

ኢትዮጵያም ውጥኑን አልተቀበለችም። ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ነበሩ፤ ከተማዋ ከውጥኑ ሁለት ቀን በፊት በአውሮፕላን ተደብድባ ነበር። ወራሪን በመሬት መካስ የማኅበሩን ሕግ ማፍረስ ነው የሚለው የኢትዮጵያ መልስ ለጄኔቭ ደረሰ። የውጥኑ መቅረት ግን ጦርነቱን አላቆመውም። የፓሪሱ ወሬ የነዳጅ ማዕቀቡን ውይይት አዘገየው፤ ሙሶሊኒም ጊዜ አገኘ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በቀጣዩ ወር ሆር የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነው ወደ ካቢኔው ተመለሱ፤ ከሥልጣን ውጭ የቆዩት ስድስት ወር እንኳ አይሞላም። ሰኔ 11 ቀን ኢደን ማዕቀቡ እንዲነሣ የመንግሥታቸውን አቋም በፓርላማ አሰሙ። ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ የታወቀውን ንግግር ያደረጉት ከዚህ በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን ነው።

ጥምር መንግሥቱ ከዚያም አላቆመም። ባልድዊን በ1929 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቻምበርሌን አስረከቡ። ቻምበርሌን ከሙሶሊኒ ጋር ለመስማማት መቸኮላቸው ከኢደን ጋር አጣላቸው፤ ኢደን በየካቲት 1930 ዓ.ም. ለቀቁ። በሚያዝያ ስምምነቱ ተፈረመ፤ ኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ በይፋ ተቀበለች። በዚያን ጊዜ አርበኞች በየበረሃው እየተዋጉ፣ ኃይለ ሥላሴም በዚያችው እንግሊዝ በባዝ ከተማ በስደት ነበሩ።

ብሔራዊ መንግሥት የተባለው ጥምረት በግንቦት 1932 ዓ.ም. አክትሞ፣ ሌበርንም ያካተተው የዊንስተን ቸርችል የጦርነት ጊዜ ጥምር መንግሥት ተተካ። ኢጣሊያ በሰኔ ወር ከጀርመን ጎን ስትሰለፍ እንግሊዝ ኢትዮጵያን በአጋርነት ተቀበለች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሆር በስፔን አምባሳደር ሆነው ተላኩ። ላቫል ከናዚዎች ጋር በማበራቸው በ1938 ዓ.ም. በፈረንሳይ ፍርድ ቤት በሞት ተቀጡ። ኢደን በ1947 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ ገና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ እንግሊዝ ከነጻነት በኋላም በወታደራዊ አስተዳደሯ ሥር ያቆየችውን ሐውድንና አጎራባቹን መሬት ለኢትዮጵያ ለመመለስ ለንደን ላይ ስምምነት ፈረመች።