የአያት ጠመንጃና የተቋረጠው ሰነድ

በዚህ ዓምድ ስለ ጠመንጃ መጻፍ ምን ይሉታል የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። በተለይ እኛ የቆቦ ሰዎች በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ካየነው በኋላ የጠመንጃ ነገር ሲነሣ ልባችን ይሸበራል። ይሁንና እዚህ የማነሣው መሣሪያ ከተተኮሰ ብዙ ዘመን ያለፈው፣ ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ጢስ የጠገበ አሮጌ ነው።

ነገሩን የጀመረው አንድ ተማሪዬ ነው። የዓድዋ በዓል ሲቃረብ ልጆቹ ከየቤታቸው የሰሙትን ታሪክ ጽፈው እንዲያመጡ አዝዤ ነበር። ይህ ልጅ «የአያቴ አያት ዓድዋ ዘምተው ከጣሊያን የማረኩት ጠመንጃ ቤታችን አለ» ብሎ ጻፈ። በክፍሉ ፊት ከማንበቡ በፊት ልየው ብዬ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አያትየው ቡና አስፈልተው ጠበቁኝ፤ ጠመንጃውንም አውርደው፣ ባዶ መሆኑን ሁለታችንም ካየን በኋላ፣ ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ከዚያ በፊት አላየሁም። የፊት እንጨቱ አጥሮ ተቆርጧል። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦና በጥሬ ቆዳ ታስሯል። ከምላጩ ፊት የብረት ካዝና ወደ ታች ወጥቷል። ከብረቱ ላይ በላቲን ፊደል «ቶሬ አኑንዚያታ» የሚል የጣሊያን ከተማ ስምና 1884 የሚል ቁጥር ይነበባል።

«ይኸው ኡስታዝ፣ ቁጥሩ ከዓድዋ በፊት ነው። ሌላ ምን ምስክር ይፈልጋሉ?» አሉኝ።

እውነትም ምስክሩ ጠንካራ ይመስላል። ይህ ጠመንጃ ቬተርሊ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከስዊሱ ባለሙያ ከፍሪድሪክ ቬተርሊ ሲሆን የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1870 ተቀበለው። መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ቪታሊ የተባለ መኮንን ባወጣው ንድፍ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨመረለት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጄኔራል ባራቲየሪ ወታደሮች ዓድዋ ላይ የያዙት ይህንኑ ነው። በሺህ የሚቆጠረውም በእኛ ሰዎች እጅ ገባ።

ጠመንጃ መለወጡ ብቻውንም የሚያስጠረጥር አይደለም። ወደ አገራችን ከገቡት ብዙዎቹ አውሮፓ ውስጥ ሳሉ አንድ ጊዜ የተለወጡ ናቸው። እንግሊዞች ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር እሮጌ ላይ የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የፈጁበት ስናድር በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ኋላው ተከፍቶ የተሠራ ነው። አባቶቻችን ውጅግራ የሚሉት፣ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት፣ ከፊሉ ሻስፖ ከሚባለው ከቀድሞው ጠመንጃ ተለውጦ የወጣ ነው። አውሮፓ አዲስ ሲሠራ አሮጌውን ይሸጥልን ነበር። ባለቅኔው ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ጠመንጃ ጊዜ ያለፈበት ነበር።

እኔን ያጠራጠረኝ ሌላ ነገር ነው፤ ቀዳዳው ጠበበብኝ። የዓድዋው ቬተርሊ አፈሙዝ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከኪሴ እርሳስ አውጥቼ ብሞክር አልገባም። ተራ እርሳስ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ነውና በዓድዋው ቬተርሊ ውስጥ ቢሆን ሳይነካካ ይገባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1915 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ጠመንጃ አጠራት። ስለዚህ ከመጋዘን የነበሩትን አሮጌ ቬተርሊዎች አውጥታ በርሜላቸውን ሰርስራ፣ በውስጡ ሌላ ጠባብ ቱቦ ከተተችበት። በዚህም የአዲሱን ጠመንጃ የካርካኖን 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩሱ አደረገች። ካዝናውንም ለስድስት ጥይት ለወጠችው። ከላይ የተቀረጸው ዓመት ግን እንደነበረ ቀረ። ስለዚህ በአንድ ብረት ላይ ሁለት ዘመን አለ፤ የውጪው 1884 ሲል፣ የውስጡ ከ1915 ወዲህ ነኝ ይላል። ዓድዋ ላይ ሊማረክ አይችልም።

ታዲያ ከየት መጣ? እዚህ ላይ የራያ ሰው አፉን ይይዛል። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ራያና አዘቦ በመንግሥት ላይ ሸፍቶ ነበር። ይህን እንዲያበርዱ የታዘዙት ራስ ጉግሣ ወሌ ከዐመፀኞቹ ጋር ተስማምተዋል ተብለው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ወደቁ። ከዚያም በራያ ላይ የቅጣት ዘመቻ መጣ። ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው በመጋቢት 22 ቀን፣ የማይጨው ጦርነት ተደረገ። ጣሊያን አስቀድሞ ለቂመኛው ብርና ጠመንጃ አድሎ ነበርና፣ የንጉሡ ሠራዊት በአሸንጌ በኩል ሲያፈገፍግ ከሰማይ አውሮፕላን፣ ከምድር የራያና የአዘቦ ሰው ተኮሰበት። እኔ ይህን ትክክል ነበር አልልም። ግን ቅጣቱን ሳይናገሩ ክህደቱን ብቻ የሚናገሩትንም አልቀበልም።

ሌላም መንገድ አለ። በግንቦት 1933 ዓ.ም. የአኦስታው መስፍን ከማይጨው በስተሰሜን ባለው በአምባ አላጌ ለእንግሊዞች እጁን ሲሰጥ ብዙ መሣሪያ በአካባቢው ቀርቷል። ከዚያ የተለቀመም ሊሆን ይችላል። አንድ ጠመንጃ፣ አንዱ መንገድ ሐፍረት፣ ሌላው የአጋጣሚ ሲሳይ!

አያትየውን «ከማን ሰሙ?» አልኳቸው። «ከአባቴ።» «አባትዎስ ጠመንጃው ሲመጣ በዓይናቸው አይተው ነበር?» ዝም አሉ። የሐዲስ ዑለማኦች ዘገባን ሲመረምሩ ነገሩን ብቻ ሳይሆን የአስተላላፊዎቹን ሰንሰለት ያያሉ። ከመካከል አንድ ሰው ከጎደለ «ሙንቀጢዕ» ይሉታል፤ ይህም ዘጋቢው ዋሸ ማለት አይደለም። ይህን ነገርኳቸው፤ የእርሳሱንም ነገር አሳየኋቸው። ተቆጥተው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እርሳሴን ተቀብለው ራሳቸው ሁለት ጊዜ ሞከሩት።

ልጁ ጽሑፉን እንደገና ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። «የአያቴ አያት ጠመንጃ ነው። ከዓድዋ በኋላ የተለወጠ ነው። ከየት እንዳገኙት አልታወቀም» ብሎ ሊጨርስ ሲል አስቆሙት።

«ጨምርበት» አሉት፤ «ሰደፉ ሲሰነጠቅ ፍየል አርዶ በቆዳው ያሰረው አባቴ ነው። እሱን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሽቦውን የያዝኩለትም እኔ ነኝ።»