የመንከባለል ተቃውሞ፦ ጎማ የሚጠጣው ናፍጣ

ከሶዶ አርባ ምንጭ የሚመላለስ ሹፌር አራቱንም ጎማ በአዲስ ቀይሮ በሳምንቱ ማደያ ሲገባ ሒሳቡ አልገጥም ሊለው ይችላል። በአሮጌዎቹ ጎማዎች ደርሶ የሚመለስበት ናፍጣ አሁን አላደርስ ይለዋል። ጓደኞቹ «ፎርጂድ ሸጠውልህ ነው» ይሉታል፤ መካኒኩ ደግሞ ኖዝል ይጠረጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጎማ ሻጩ አላታለለም፤ ኖዝሉም ደህና ነው። አዲስ ጎማ ከአሮጌ የበለጠ ነዳጅ እንደሚፈልግ ለሹፌሩ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

የነገሩ ስም በመሐንዲሶች ቋንቋ «ሮሊንግ ሪዚስታንስ» ነው። በአማርኛ «የመንከባለል ተቃውሞ» ብንለው ያስኬዳል፦ ጎማ መንገድ ላይ ሲንከባለል መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል ማለት ነው። በትምህርት ቤት ፊዚክስ «ሰበቃ» የሚባለውን ቃል ለዚህ መዋስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሰበቃ አንዱ አካል በሌላው ላይ ሲንሸራተት የሚፈጠር ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የሚያድነንም እሱ ነው። የመንከባለል ተቃውሞ በአብዛኛው የሚፈጠረው እዚያው ጎማው ሥጋ ውስጥ ነው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ ሁሉም ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል፤ ዕቃውንና ሙያውን ከነስማቸው ተቀብለናል። ዓይን የማያየው ኃይል ግን ገበያ ላይ አይሸጥምና ስም ይዞ አልመጣም።

ጎማ ክብ ይምሰል እንጂ መንገድ የነካው ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። መኪናው በሄደ ቁጥር እያንዳንዱ የጎማ ክፍል ተራ በተራ መሬት ይነካል፣ ይጨፈለቃል፣ ከዚያ ተመልሶ ይነሣል። ላስቲክ ሲጨፈለቅ የተቀበለውን ጉልበት ሁሉ ሲነሣ አይመልስም፤ የተወሰነውን ወደ ሙቀት ለውጦ ያስቀረዋል። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ መታጠፊያው እጅ እስኪያቃጥል እንደሚሞቀው ማለት ነው። ከረጅም መንገድ የገባ መኪና ጎማውን ቢዳስሱት የሚሞቀው አስፓልቱ ስላጋለው ብቻ አይደለም። ከሙቀቱ ከፊሉ ከማደያ የተቀዳ ናፍጣ ነው።

ምን ያህል ናፍጣ? ተቃውሞውን ለመለካት ቀላሉ መንገድ አንድ ቶን ለማንከባለል ስንት ኪሎ ግፊት እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ነው። በብረት ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር ለአንድ ቶን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይበቃዋል። የከባድ መኪና ጎማ በጥሩ አስፓልት ላይ ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ የትንንሽ መኪኖች ጎማ ደግሞ 10 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። ፒስታ መንገድ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ አሸዋ ውስጥ ከገባ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሄዳል።

አሁን ሰው የሞላ ሚኒባስ እንውሰድ፤ ክብደቱ 3 ቶን ይሁን። ከአርባ ምንጭ ሶዶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ላይ ስትሆን ሶዶ ዳሞታ ተራራ ሥር ተቀምጣ 2,000 ሜትርን ትሻገራለች። ስለዚህ መኪናው 800 ሜትር ያህል ይወጣል። ሹፌሩን «ነዳጅህን የበላው ማነው?» ብትሉት ያለማመንታት «ዳገቱ» ይላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። አንድ ሊትር ናፍጣ ከያዘው ጉልበት መንኮራኩሩ ዘንድ የሚደርሰው ሲሶው ገደማ ነው፤ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። በዚህ ስሌት 3 ቶኑን 800 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 2 ሊትር ያህል ናፍጣ ይበቃል። ያንኑ 3 ቶን 120 ኪሎ ሜትር ለማንከባለል ግን 3 ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይሄዳል። ዳገቱን ጎማው በለጠው! ደግሞም ዳገት የወሰደውን በመልሱ ጉዞ በከፊል ይመልሳል፤ ከሶዶ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ሲወርዱ ሞተሩ እምብዛም ነዳጅ ሳይፈልግ መኪናው ይሄዳል። ጎማ ግን በሄዱበትም በመለሱበትም ያስከፍላል።

ይህ ሚኒባስ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚፈጅ ከሆነ፣ ለ120 ኪሎ ሜትሩ ከሚያስፈልገው 12 ሊትር ሩብ ያህሉ የጎማ ድርሻ ነው ማለት ነው። የቀረውን አየሩን መሰንጠቅ፣ ዳገቱ፣ በየከተማው መቆምና መነሣት፣ በየመንገዱ ባጃጅና ከብት ማሳለፍ ይካፈሉታል።

ወደ አዲሱ ጎማ እንመለስ። አዲስ ጎማ ጥርሱ ወፍራም ነው። ወፍራም ላስቲክ ሲጨፈለቅ የሚሞቀው ብዙ ነው፤ ጥርሱ እያለቀ በሄደ ቁጥር የሚታጠፈው ላስቲክ ስለሚያንስ ተቃውሞውም ይቀንሳል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ተቃውሞው በአንድ አምስተኛ ያህል ሊያንስ ይችላል። ሩቡን ነዳጅ የሚወስድ ነገር በአንድ አምስተኛ ሲጨምር በጠቅላላው ነዳጅ ላይ እስከ 5 በመቶ ይታያል።

በዚያ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጉዳይ አለ፤ እኔ እንደማየው ብዙ ጠብ የሚፈጥረው እሱ ነው። ቆጣሪው መንገዱን አያይም። የሚቆጥረው መንኮራኩሩ ስንት ጊዜ እንደዞረ ነው። የሚኒባስ ጎማ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አዲስ ሲሆን ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆንና አልቆ 2 ሚሊ ሜትር ቢቀር፣ ጎማው በ6 ሚሊ ሜትር አጠረ ማለት ነው፤ 2 በመቶ ለመሙላት ጥቂት የጎደለው። ያለቀው ጎማ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ቆጣሪው ያልተሄደ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። አዲስ ጎማ ሲገባ ይህ ትርፍ ይጠፋል። ሹፌሩ «መኪናዬ በሊትር የምትሄደው ቀነሰ» ሲል ከፊሉ ቅናሽ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው። በትክክል መለካት የሚፈልግ ታንኩን አፉ ድረስ ሞልቶ ሶዶና አርባ ምንጭን ደርሶ መልስ ሄዶ፣ እዚያው ማደያ ተመልሶ እንደገና ይሙላ። ከተሞቹ ከቦታቸው አይነቃነቁምና ቆጣሪውን ማመን አያስፈልግም። ደርሶ መልስ መሆኑ ግድ ነው፤ የቁልቁለቱን ብቻ የለካ ራሱን ያታልላል።

ታዲያ ያለቀ ጎማ ይሻላል ወይ? አይሻልም። አውሮፓውያን የጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ በሕግ ያስገድዳሉ። የክረምት ዝናብ በመታው አስፓልት ላይ ውኃውን ከጎማው ሥር የሚያስወጣው ጥርሱ ነው። በናፍጣ የተረፈችው ጥቂት ብር ከሶዶ ወደ ታች በሚወስደው ቁልቁለት ላይ አታድንም።

ከጎማው ዕድሜ ይልቅ በሹፌሩ እጅ ያለው ንፋሱ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ይበልጥ ይጨፈለቃል፤ ይበልጥ ከተጨፈለቀ ይበልጥ ይሞቃል፣ ይበልጥ ይጠጣል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ያወጣው ግምት አለ፦ የሁሉም ጎማዎች ንፋስ በ1 ፒኤስአይ በቀነሰ ቁጥር መኪናው በነዳጁ የሚሄደው ርቀት በ0.2 በመቶ ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል። ጎማዎቹ 10 ፒኤስአይ ጎድሏቸው የሚሄድ ሚኒባስ ግን 2 በመቶ ያጣል። በየቀኑ ሶዶና አርባ ምንጭ ደርሶ ለሚመለስ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በሊትር 49 ብር የነበረው ናፍጣ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ 100 ብር ጥግ ደርሶ ነበር። በዚህ ዋጋ 300 ቀን ቢሠራ ከ14,000 ብር በላይ በጎማ በኩል ተነነ ማለት ነው።

10 ፒኤስአይ የጎደለው ጎማ ደግሞ በዓይን ላይታወቅ ይችላል። የዛሬ ራዲያል ጎማ ንፋሱ ሙሉ ሆኖም ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ረዳቱ በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ደህና ነው» ቢል ድምፁ የሚነግረው ጨርሶ የተነፈሰውን ብቻ ነው። ጎሚስታው «ስንት ይሁን?» ሲል «ደንበኛውን ሙላው» ከማለት ይልቅ ቁጥር መንገር ይሻላል። ቁጥሩ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ከጃፓን በመጡ መኪኖች ላይ በኪሎ ፓስካል ሊጻፍ ይችላል፤ ለ7 ቢካፈል ወደ ፒኤስአይ ይጠጋል፤ 240 የሚለው 35 ገደማ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ግፊት ጎማው ሙሉ ጭነቱን ሲሸከም የሚፈቀድለት መጠን እንጂ የእርስዎ መኪና የሚፈልገው አይደለም።

ቆላ ሲወርዱ ጎማው ሞቆ እንዳይፈነዳ ብለው ንፋስ የሚያስተነፍሱ አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ እንደሚጨምር የመኪናው አምራች አስቀድሞ ያውቃል፤ የበሩ ላይ ቁጥር የተጻፈው ለቀዘቀዘ ጎማ ነው። የሞቀውን ያስተነፈሰ ሰው ጎማውን አሳንሶ ይበልጥ እንዲጨፈለቅና እንዲሞቅ ያደርገዋል፤ ፍንዳታውን የሚጠራው ያ ነው። በ10 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 35 ፒኤስአይ የነበረ ጎማ 1.6 ያህል ይለዋወጣል። ከፍታም የራሱን ያደርጋል፦ ከአርባ ምንጭ ሶዶ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያሳያል። የሶዶ ጠዋት ብርድ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል። ሁለቱ ስለሚጣፉ ለዳገት ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ መለካት ይበቃል።

ከልክ በላይ መሙላትስ? በለሰለሰ አስፓልት ላይ ጥቂት ነዳጅ ያተርፋል። በኮረኮንች ላይ ግን የደረቀ ጎማ ድንጋዩን ከመዋጥ ይልቅ መኪናውን ያዘልላል፤ መኪናውን ለማንሳት የሄደው ጉልበት በባሌስትራው ውስጥ ይቀራል። ጥርሱም ከመሐል ብቻ ይበላል። ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ መኪናና ከሶዶ ሆሳዕና በአስፓልት የሚበር መኪና አንድ ዓይነት ንፋስ ይስማማቸዋል ማለት ከባድ ነው።

ይህን በደንብ የሚያውቁት ከሞያሌ ተነሥተው በኮንሶና በአርባ ምንጭ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ ሶዶ ላይ የምናያቸው፣ አልጋና ማድቤታቸውን የተሸከሙ ካምፐሮች ናቸው። ሙዝ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ቢያንስ ግማሹን መንገድ ቀሎት ይሄዳል። ካምፐር ግን ውኃውን፣ ጋዙንና ዕቃውን ሁልጊዜ እንደተሸከመ ነው፤ የመንከባለል ተቃውሞ ደግሞ ከክብደት ጋር እኩል ይጨምራል። በኦሞ ሸለቆ አሸዋ ላይ ለመንሳፈፍ ንፋስ ቀንሰው፣ አስፓልት ሲይዙ መልሰው ለመሙላት የራሳቸውን ኮምፕሬሰር ይዘው የሚዞሩ ብዙዎች ናቸው። መልሶ መሙላቱን የዘነጋ ልዩነቱን በማደያ ያየዋል።

ጎማ ሁሉ ተቃውሞው እኩል አይደለም፤ የሚገዛ ሰውም አስቀድሞ ሊያውቀው የሚችልበት መንገድ አለ። ጎማ አምራቹ ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1946 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ራዲያል ጎማ ከቀድሞው ናይለን ጎማ ያነሰ ተቃውሞ አለው። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይኸው ኩባንያ በላስቲኩ ውስጥ ሲሊካ እየቀላቀለ ተቃውሞውን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። የአውሮፓ ኅብረት ከኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ጎማ ምልክት ያስለጥፋል፤ በአሁኑ ደረጃ ነዳጅ ቆጣቢው ኤ፣ አባካኙ ኢ ነው። ይህ ወረቀት በጎማው ላይ ተለጥፎ እዚህ ከደረሰ አለመቅደድ ነው።

ወረቀቱ ባይኖርም በጎኑ የተቀረጸችው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አትጠፋም፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመተ ምሕረቱን ያመለክታሉ። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። 4017 የሚለውን አይቶ «የ2017 ነው፣ ገና ትኩስ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ያ ጎማ ከፋብሪካ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. በ40ኛው ሳምንት፣ በእኛ መስከረም 2010 ዓ.ም. ሊገባደድ ሲል ነው።